ድመት እንደ ኮረንቲ ስትይዝ

ኮረንቲ የያዘው ሰው የሚታዘንለት እንደየደረጃው ነው። ካውያ የያዘው «እግዚአብሔር አተረፈህ» ይባላል፤ ምድጃ የያዘው ውሃ ይቀርብለታል። ድመት የያዘችው ሰውስ ለማን አቤት ይላል? እኔን የያዘችኝ ድመት ናት። ሶኬት ላይ አልተሰካች፣ ቆጣሪ የላት።

ስሟ ወይዘሪት ነው። አረማመዷን አይታ ያወጣችላት ባለቤቴ አስቴር ናት። አስቴር ባለፈው ክረምት አረፈች። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ በተከራየናት ቤት የቀረነው እኔ ጡረተኛው መምህርና ወይዘሪት ብቻ ነን። ለቀስተኛው ሁሉ «ቤቱ ጭር አለ» ሲለኝ ሰንብቶ ነበር። ጭር ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን እነሱም ሲሄዱ ነው።

ጥር ገባና አየሩ ደረቀ። አንድ ቀን ወይዘሪት እንደ ልማዷ ጭኔ ላይ ወጣች። ጆሮዋን ልዳብስ እጄን ስዘረጋ ጧ አለ። መደቡ ላይ ዘላ ወጣችና አፈጠጠችብኝ፤ ሆን ብዬ ያደረግኩት መስሏታል። እውነቱን ለመናገር እኔም እሷን ጠርጥሬያለሁ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ምግቧንም አከራዬ ዘንድ መብላት ጀመረች። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ፈራሁ። እሷም ከሄደች በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ የለም።

አከራዬን እማማ ዘይነባን አማከርኳቸው። መጀመሪያ «ቢስሚላሂ ሳትል እየነካሃት ነው፣ መምህር» አሉኝ። እኔም በበኩሌ «በስመ አብ» ብዬ ሞከርኩ። ኮረንቲው ሃይማኖት አይለይም።

ተመልሼ ስነግራቸው ትከሻዬን ትክ ብለው አዩ። ትከሻዬ ላይ የአስቴር ሹራብ ነበር፤ ወይን ጠጅ፣ ናይለን፣ እጅጌው ለክንዴ የማይበቃ። ጣል የማደርገው ብርድ ስለሚሰማኝ ነው እላለሁ። ሐረር በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ ምን ብርድ አለ ብላችሁ አትጠይቁኝ። «ወላሂ ጥፋቱ የድመቷ አይደለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ናይለኑ ነው። አውልቀው እንግዲህ፣ ልጄ።» ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ልጄ» ያለኝ ሰው የለም፤ እምቢ ማለት ያቃተኝ ለዚያ ይሆናል።

ሹራቡን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አንድ ሹራብ ማጠፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ይከብዳል። ከዚያ ወይዘሪትን ጠራኋት። እያመነታች መጣች፤ ዳበስኳት፤ ምንም የለም። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል ትከሻዬን አሸተተች፣ ደረቴን አሸተተች፣ ወረደችና ሄዳ የሳጥኑ ክዳን ላይ ተጋደመች። ለካ እስከ ዛሬ ስትመጣ የኖረችው ወደ እኔ አልነበረም።

ተቀየምኩ? ለአፍታ፣ አዎ። ወዲያው ግን አስቴርን የምትናፍቅ ሌላ ነፍስ እዚያው ቤት አብራኝ እንደከረመች ገባኝና አለቀስኩ። ሹራቡን መልሼ አውጥቼ መደቡ ላይ አነጠፍኩላት፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ዘይነባ በበሩ ብቅ ብለው ታረቃችሁ ወይ አሉን።

ታርቀን ውርሱንም ተካፈልን አልኳቸው፤ ሹራቡ ለእሷ ደረሰ፣ ብርዱ ለእኔ።