ጎባ ላይ የተገኘ ዘመድ

ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ አገር እናስጎበኛለን። የምናስጎበኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ደጋግመን የማንረግጠውን ቦታ ነው። እኔ ባሌ ሮቤ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ከጎባ በላይ ያለው ሳነቴ አምባ የወጣሁት ግን ወይ ለሥራ ወይ እንግዳ ይዤ ነው። ለራሴ ብዬ አንድም ቀን አልወጣሁም፤ ይበርዳላ። እናንተም ራሳችሁን መርምሩ። እንግዳ ካልመጣባችሁ በቀር ከቤታችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ ካለው መንገድ ወጣ ያላችሁት መቼ ነው?

አስጎብኚው ውጭ አገር የሚማር ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እሱ የሚያሳየው አገሩን አይደለም፤ እዚያ አገር መኖሩ ትክክል መሆኑን ነው። ሕንፃው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ተራራው፣ ሁሉም ምስክር ሆኖ ተራ በተራ ይቀርባል። እንግዳው ዳኛ ነው። ዳኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሩን ያመዋል።

ውጭ አገር ስል ጀርመን ወይም ካናዳ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሮቤን ማለቴ ነው።

ለጃርሶ ሮቤ ውጭ አገር ናት። ልጁ ኬንያዊ ነው፤ ከማርሳቢት፣ ከቦረናዎቹ ወገን። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ይማራል። እኔና እሱ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አማርኛው ገና ነው፤ ከእኔ ጋር የምንግባባው በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ንግግር ሁሉ በኦሮምኛ የተባለ ነው፤ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ጃርሶን ታይፎይድ ጣለው። እኔ ለሥራ ጊኒር ነበርኩ፤ አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ አገር ቤት ሄደዋል። ልጁ ውሃ የሚያቀብለው ሰው ሳይኖር ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ። ይህን ከዳነ በኋላ ለእናቱ በስልክ ነገራት። ከልጅ ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው። እናቲቱም ለአባቱ ለሐጂ ቦሩ አንድ ትእዛዝ ሰጠች፦ ሂድና አምጣው።

ሐጂ ቦሩ በሞያሌ፣ በሻሸመኔ አድርገው ሮቤ መናኸሪያ ሲወርዱ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዘው ነበር። የልጁን ልብስ ሊጭኑበት ነው። ጃርሶ ሻንጣውን ተቀብሎ ሲያነሳው ቅለቱ ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ። ትምህርቱን ሊጨርስ የቀረው ጥቂት ነው። ያን ማታ እኔ ክፍል መጥቶ፣ አባቴን ካላሳመንኩ ቀሪ ዕድሜዬን ማርሳቢት ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ነው የምኖረው አለኝ። መኪናዬን ከነሹፌሩ እንድሰጠው ለመነኝ። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን ዩኒቨርሲቲውን አስጎበኘ። ሐጂ ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው በጣም ነጭ። ብርዱን ለመከላከል ሁለት ሸሚዝ ደርበዋል፤ ለሮቤ ሁለት ሸሚዝ ምንም ማለት አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱን ዞረው አዩ፤ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፤ ከዚያ በጣም በትሕትና ጠየቁ።

«ከእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ስትታመም ውሃ ያቀበለህ የትኛው ነው?»

በማግስቱ ወደ ጎባ ወጣን። ጃርሶ አባቱን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ፣ ብታመም እንኳ ይኸው ቅርብ ነው አለ። ሐጂ፣ ሆስፒታሉ አልጋህ ድረስ መጥቶ ይወስድሃል ወይ አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ አንተ ጎረቤቱ ያኔ የት ነበርክ አሉኝ። ጊኒር የከብት ገበያ ዜና ልሠራ ሄጄ እንደነበር አስረዳሁ። «መልካም» አሉ፤ «የከብቱን ጤና አውቀሃል ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ መንዳት ላይ አተኮርኩ።

የጃርሶ ትልቁ ምስክር ሳነቴ ነበር። ወጣን። ሐጂ መስኮቱን ዘግተው፣ አንገታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ቀብረው ዱዓ ያደርጋሉ። ዕድል ቀንቶን አንዲት ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆማ አገኘናት። ጃርሶ በደስታ፣ ይቺ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም አለ። ሐጂ ከሸሚዙ ውስጥ አንድ ዓይን አወጡ።

«ሌላ ቦታ እያለ እዚህ የምትኖር ከሆነ እሷም የሚመክራት ዘመድ የላትም።»

ተመለስን። ከባሌ ሁሉ ሐጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስሙን ሲሰሙ ያደጉት ሙስሊሞች ለዝያራ የሚጎርፉበትን ድሬ ሼክ ሁሴንን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከጃርሶ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ልጁ ለአባቱ የሳይንስ ሰው መሆኑን ሊያሳይ ነበር የተነሳው።

ጎባ ስንደርስ የሐጂ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ስለነበር ገበያው ዳር አንድ ብርድ ልብስ መሸጫ ገባን። ባለሱቁ ኦቦ ከድር ይባላሉ፤ ጺማቸውን ሒና የቀቡ፣ የሚቸኩሉበት ነገር የሌላቸው ሰው ናቸው። ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ብርድ ልብሱን የጠየቀ የለም። ከዚያ እኛ አገር ሁለት ሽማግሌ ሲገናኝ የማይቀረው መጣ፦ የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ? ሐጂ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እየጠሩ ወደ ላይ ወጡ። ኦቦ ከድር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ቀጥለው የራሳቸውን ቆጠሩ። ከብዙ ስም በኋላ አንድ ስም ላይ ተገናኙ።

ሐጂ ተነሱ። ኦቦ ከድርም ተነሱ። ተቃቀፉ። ኦቦ ከድር፣ ይህ ልጅ ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ሲኖር እንዴት አንድ ቀን ደጄን አልረገጠም ብለው ጃርሶን ክፉኛ ገሠጹት። ጃርሶ ከሰውየው ጋር የተዋወቀው ገና አሁን ነው፤ ቢሆንም ይቅርታ ጠየቀ። ሐጂን ደግሞ፣ የዝያራው ወቅት ሲደርስ ድሬ ሼክ ሁሴን ራሴ እወስድዎታለሁ አሏቸው። የብርድ ልብሱን ዋጋ መጠየቅ እንደ ስድብ ተቆጠረ።

ሁሉም ደስ አለው። ጥርጣሬ የገባው እኔን ብቻ ነው። የተገናኙበት ስም ከዚህ እስከ ማርሳቢት ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው የሚጠራበት ስም ነው። ሁለት መሐመዶች ስለተገኙ ብቻ ዘመድ ናቸው አይባልም። ጊኒር ጎሳ በመቁጠር የታወቁ አንድ አዛውንት አሉ፤ ለሥራዬ ብዙ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ። ደወልኩ፤ ሁለቱንም የትውልድ መስመር ከማስታወሻዬ አነበብኩላቸው። ሳቁ። በዚያ ስም ከሚጠሩት ሁለት ሰዎች አንደኛው ከደጋው ወርዶ አያውቅም፣ ሁለተኛው ከቆላው ወጥቶ አያውቅም፤ የት ይገናኛሉ አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሐጂ ቆርጠዋል፤ ጎባ ዘመድ ስላለው ልጁ ይቀራል ብለው ለእናቱ ደውለዋል። ያጣራሁትን ከተናገርኩ ባዶው ሻንጣ ይሞላል፣ የልጁ ትምህርትም አበቃ። ካልተናገርኩ አንድ አባት ልጁን ለማያውቀው ነጋዴ ጥሎ ሊሄድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ለማንም ሳልነግር ጎባ ወጣሁና ኦቦ ከድርን አገኘኋቸው። ያገኘሁትን በቀጥታ ነገርኳቸው። ብርድ ልብስ ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«ሦስተኛው ስም ላይ ነው ያወቅኩት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዘመድ ነኝ አሉ?»

«ሰውየው ልጁን የሚተውለት ሰው ፍለጋ ሲቆጥር፣ እየቆጠረ ዓይን ዓይኔን ያይ ነበር። አንድ ስም ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ቆምኩ።» ያጠፉትን ደርድረው ሲጨርሱ አከሉበት፤ «ደግሞ ሚስቴ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ስታሳድግ የኖረች ናት። አንድ ቢጨመር አትቆጥርም።»

ሐጂ የሄዱ ዕለት መናኸሪያ ሸኘናቸው። ሻንጣቸው የኦቦ ከድርን ብርድ ልብሶች ተሸክሟል። ጃርሶ ውሃ ሊገዛ ሲሄድ ሐጂ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ጠሩኝ።

«አጣራህ አይደል?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ጃርሶን አየሁ፤ ገና ውሃውን እየገዛ ነው።

«እኛም ጎሳ እየቆጠርን ነው ያደግነው። መስመሩ ሲስት ይገባናል።»

እንግዲያው ልጁን ለማን ትተው ይሄዳሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ታላቅ ወንድሙን ናይሮቢ ላሉት እውነተኛ ዘመዶቼ ሰጥቼው ነበር» አሉ፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም። አውቶቡሱ ተነሳ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጃርሶ ደስ ይለው ነበር። ዘመድ ግን እንደ ብርድ ልብስ ሲበርድ ብቻ የሚወጣ ዕቃ አይደለም። እሑድ እሑድ ጎባ ምሳ አለ፤ መቅረት አይቻልም። የኦቦ ከድር ላም ስትወልድ፣ ባለሙያ የቤት ልጅ እያለ ሌላ ሰው አይጠራም። ስንዴ ሲታጨድ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ የታመመ ሲጠየቅ ጃርሶ አለ። ሐጂ በየሳምንቱ ከማርሳቢት ይደውላሉ። የሚደውሉት ግን ለልጃቸው አይደለም፤ ለኦቦ ከድር ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ሲያስል ተሰምቶ የኦቦ ከድር ባለቤት ከጎባ ድረስ በሚኒባስ መጥታ በፌስታል የያዘችውን ሾርባ ግቢያችን አወረደች፤ እኔንም ጭምር እያየችኝ አጠጣችው። ምን እንዳሰበችልኝ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሳምንት ጃርሶ ደብተሩን እንደያዘ በሬን አንኳኳ። የኦቦ ከድር አክስት አርፈዋል፤ ድንኳን ሊተክል፣ ለቅሶ ሊቀመጥ ተጠርቷል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ጋሼ» አለኝ፤ ከአማርኛ አጥርቶ የሚያውቀው ቃል ነው፤ «እኚህ ሰውዬ ግን እውነት ዘመዳችን ናቸው? አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ እባክህ አጣራልኝ።»

«አጣርቻለሁ» አልኩት።

«እና?»

በዓይኔ ያየሁትን ማስረጃ ሁሉ አሰብኩ፤ ላሟን፣ ስንዴውን፣ ሾርባውን።

«የሥጋ ዘመድህ ናቸው» አልኩት። «ሚኒባሱ ሳያመልጥህ ሂድ።»

ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያጉረመረመ ወጣ። ይህን ሁሉ በድፍረት የጻፍኩት ጃርሶ አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ነው። ኦቦ ከድር የአማርኛ ፊደል እያስቆጠሩት መሆኑን የሰማሁት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።