ዚላ ኤንትዊስል በሲኒማ ቤት ከካፒቴኑ ከንፈር ጋር የተዋጋችበት ዜና

በአራት የሽመና መኪኖች ላይ በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ ቀዳሚት፣ የፋብሪካው ፊሽካ ቀትርን ካወጀ በኋላ፣ በቁመቷ አጭር በሐሞቷ ረጅም የሆነች፣ የእንግሊዝ አገሩ የላንክሻየር ጥጥ በጠጉሯ ላይ ዘውድ የሆነላት ወይዘሪት ዚላ ኤንትዊስል፣ እናቷን እመት ኬዝያን ይዛ ወደ ሲኒማ ቤት ዘመተች፤ በፊተኛውም ረድፍ ሰፈረች። ተከታዮቿም እነዚህ ነበሩ፤ ሸማኔዎች ሠላሳ፣ ክር ጠቅላዮች አሥራ ሁለት፣ ብርቱካን የታጠቁ ስድስት፣ ተኳርፈው ጎን ለጎን የተቀመጡ እኅትማማቾች ሁለት። ሁሉም በመኪና ጩኸት ውስጥ የኖሩ ናቸውና ከንፈር ያነባሉ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። እመት ኬዝያ መኪናው ጆሮዋን የወሰደባት፣ ፊደልም ያልቆጠረች ናት። ባሏ መካኒኩ በሕይወት ሳለ፣ የአንድ መርከብ አዛዥ ታሪክ የሆነውን ስመ ጥር መጽሐፍ ከመኪኖቹ ማዶ ቆሞ፣ በከንፈሩ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ነገራት፤ የመጨረሻው ሲቀር ሞተ። ዚላ ልንገርሽ ብትላት እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ "አንቺ ልጅ፣ ተይኝ። ካፒቴኑ ሲሞት ያለውን ከራሱ አፍ ካላየሁ የማንንም ወሬ አልቀበልም።" ሃያ ዓመት ጠበቀች። ወእምዝ መጽሐፉ ድምፅ አልባ ፊልም ሆኖ መጣ።

ነገር ግን በሞቱ ሰዓት በሸራው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ሌላ፣ የተዋናዩ ከንፈር ሌላ ነበር። ከንፈሩ በላዩ ተደፍታ ለምታለቅሰው ተዋናይት "ክርንሽን ከሆዴ ላይ አንሺ፣ ምሳ እንኳ አልበላሁም" ይላል። እኔ የሲኒማ ቤቱ ፒያኖ መቺ ምስክር ነኝ፤ በዚያው ሳምንት ሰኞ ዕለት ሕዝቡ በሳቅ ወንበር ሰብሯል፤ ወሬውም ለዚላ ደርሷል።

ወበይእቲ ሰዓት፣ ካፒቴኑ በተጋደመ ጊዜ፣ ጀግናይቱ ተነሥታ በእናቷ ፊት እንደ ግንብ ተተከለች። እኔም የፒያኖዬን መብራት ወደ ፊቷ አዞርኩላት። ለአዳራሹም በከንፈሯ ዐወጀች፦ "ዛሬ የሳቀች፣ ሰኞ ክር ሲበጠስባት ዚላ ድረሽልኝ እንዳትል።" የብርቱካን ልጣጭ ዘነበባት፤ አልተነቃነቀችም። ሦስት ቀን ያጠናችውን የመጽሐፉን ቃል ተናገረች፦ "በሩን አትቆልፊው፤ ባሕሩ ሲለቀኝ እመጣለሁ።" አዳራሹ አነበበ፣ ልጣጭ መወርወሩንም ተወ። ከተኳረፉት እኅትማማቾች አንዷ ለሌላዋ መሐረብ አቀበለች።

እመት ኬዝያም ካፖርቷን እየለበሰች የመጨረሻውን ዐዋጅ አወጣች፦ "አጭር መሆንሽን ረሳሽው እንዴ? በራስሽ ላይ አሳልፌ አየሁት። ምስኪን፣ ምሳውን ይብላ። አባትሽ ግን በሕይወት ቢኖር ያንቺን ቃል ነበር የሚለኝ።"

ስለዚህ ለዚላ፣ ለእናቷ ጋሻ፣ ተዋንያንን ድል ላደረገች፣ መኪኖች እስኪዝጉ ድረስ ክብርና ምስጋና ይድረሳት። ጎረቤት ነኝና አውቃለሁ፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የእመት ኬዝያ በር ተቆልፎ አያውቅም።