አውሮፕላን ጋቢና የለውም

ስለ መቀመጫ እኛን የሚያስተምር የለም። ለቅሶ ቤት ማን ግድግዳ ተደግፎ፣ ማን በር ሥር እንደሚቀመጥ፣ ሠርግ ላይ የማን አጎት ከማን አማት በላይ እንደሚሆን ሳንጠየቅ እናውቃለን። ከሶዶ አረካ በሚኒባስ ስትሄዱ እንኳ ሽማግሌ ከመጣ፣ ጋቢና የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን እያየ ያላየ ይመስላል እንጂ መነሳት እንዳለበት ልቡ ያውቀዋል። ባያውቀውም ረዳቱ ይነግረዋል። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ ወላጆቻችንን አውሮፕላን ላይ የት እናስቀምጣቸው ሲባል ግን ግራ ይገባናል።

እህቴ ካናዳ ነው ያለችው። ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ወለደችና አባቴና እናቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ተነሱ፤ እኔ አድራሽ ሆንኩ። አባቴ ሶዶ ገበያ ዳር ዱንጉዛና ሌላም ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ጉራጌ ነው። ጉልበቱን ካመመው ቆይቷል። ያም ሆኖ ሱቁ ሰው በገባ ቁጥር፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ይግዛ አይግዛ፣ ብድግ ብሎ "ኖር!" ይላል። "አባዬ፣ ተማሪዎች እኮ ናቸው፣ ዋጋ ጠይቀው ነው የሚሄዱት" ስንለው "ሰው አይደሉም እንዴ?" ነው መልሱ።

ከጉዞው በፊት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ያበጠውን እግሩን ጫን ጫን እያደረገ ሲያይ ፊቱ አላማረኝም።

"አባባ፣ ብዙ ሰዓት ከተቀመጡ እዚህ እግር ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ይገድላል። በየጊዜው እየተነሱ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ይሂዱ፤ አለበለዚያ ይቅርብዎ" አለው።

አባቴ እሺ አለ። አባቴ ለሐኪም እሺ ያላለበት ቀን የለም፤ የታዘዘውን ያደረገበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ትኬት ልንቆርጥ ስንሄድ ትኬት ቆራጯ ልጅ የአውሮፕላኑን ውስጥ በኮምፒውተር አሳየችን። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከፊት እስከ ኋላ መረመረና "ጋቢናው የቱ ጋ ነው?" አለ። እንደሌለው ስትነግረው ከልቡ አዘነ። የአደጋ ጊዜ በሩ አጠገብ ሰፊ ቦታ ነበር፤ ግን እዚያ የሚቀመጥ ሰው ችግር ቢመጣ በሩን መክፈት መቻል አለበት ተባልን። "እኔ እከፍተዋለሁ" አለ። እናቴ ጉልበቱን አየት አደረገች። በመጨረሻ እሷ መስኮቱን፣ እኔ መሃሉን ያዝን፤ እሱን ለመነሳት እንዲመቸው መተላለፊያው ዳር አደረግነው።

"መንገድ ላይ አስቀመጣችሁኝ" ብሎ አኮረፈ።

ከአዲስ አበባ ተነስተን ምሳ ከበላን በኋላ "በል አባዬ፣ ተነስና ወዲያ ወዲህ በል" አልኩት።

"ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኔ ልንጎራደድ? አበደ ይበሉኝ?" አለና እጁን አጣምሮ ድንጋይ ሆነ።

ለመንኩት። እናቴም ለመነችው። ጫማውን ያወለቀውን እግሩን ሳይ፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የልጅ ልጁን ላሳየው ይዤው ወጥቼ ሳይደርስ ባጣውስ? ይህን ሳሰላስል አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ወደ መጸዳጃ ቤት ልታልፍ መጣች። አባቴ የፊቱን ወንበር ተደግፎ ብድግ አለ።

"ኖር!"

ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ እጅ ነስታ አለፈች። ስትመለስም ብድግ። ከኋላዋ አንድ ወጣት መጣ፤ ብድግ። ልጅ ያቀፈች እናት፤ ብድግ። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች መጣች፤ ለእሷም ብድግ። ተሳፋሪው ያየን ጀመር። እኔ አፈርኩና እጅጌውን ጎተት አድርጌ "አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ኖር አያውቁም" አልኩት።

"እኔ አውቃለሁ" አለ።

እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ልቀቀው። ሐኪሙ ያዘዘውን እኮ ነው እያደረገ ያለው።"

እጅጌውን ለቀቅኩ። አመል ያወጣል ከመሃል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ከሞት ሲያወጣ ግን ያን ቀን አየሁ። እንዲያውም፣ አትፍረዱብኝ፣ መተላለፊያው ጭር ሲል ጊዜ አምላኬ ሆይ ሽንቱ የመጣ ሰው ላክልን እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ።

ስንደርስ የአባቴ እግር እብጠት አልጨመረም። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ አወጡት። እህቴ ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር። አባቴ ሲያያቸው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ፣ የሚገፋው ሰው ሳይደርስበት ተነሳ። ያችን አንድ ክንድ የማትሞላ ልጅ "ኖር" አላት። ድምፁ እንደ ሱቁ አልጠነከረም።

"በእግዜር" አለች እህቴ በልጇ ፈንታ፣ እያለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

የመመለሻውን ወንበር እኔው መርጫለሁ። እህቴ ጸጥ ያለውን የፊተኛውን ክፍል ልትይዝለት ነበር፤ እምቢ አልኩ። እናንተም ኖር ባይ አባት ካላችሁ ስሙኝ፤ መተላለፊያው ዳር፣ መጸዳጃ ቤቱ አካባቢ፣ ሰው የሚበዛበት ጋ አስቀምጡት። የእኔው አባት ግን ዛሬም መንገድ ላይ አስቀመጡኝ ብሎ እንዳኮረፈ ነው።