አዳማ ድረስ የሸኙን ጋሼ ሀያቱ

መርካቶ ውስጥ ቤት ለመልቀቅ ያሰበ ሰው፣ ሐሳቡን ለሚስቱ እንኳን በቅጡ ሳይነግር ቀድሞ የሚያውቅበት አንድ ጎረቤት አለው። ይህ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ስሙና ሱቁ ይለያያል እንጂ ጠባዩ አንድ ነው፤ እሱ ራሱ ከተወለደበት ግቢ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፣ ሌላው ሰው ግን እንዴት መነቀል እንዳለበት ከእሱ በላይ አዋቂ የለም። የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሼ ሀያቱ ናቸው።

ጋሼ ሀያቱ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ገመድ፣ ከረጢትና ሸራ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ከአንድ ቁምሳጥን ብዙም አይሰፋም። ከሰፈሩ የሚለቅ ሰው ሁሉ ግን ገመድ ስለሚያስፈልገው ወሬው ከማንም በፊት እሳቸው ጋ ይደርሳል። እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው። ባለቤቴ እስከዳር የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አዳማ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ቀጠራትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራ እንድትጀምር ተነገራት። ለማንም ሳናወራ ቀስ ብለን ልንዘጋጅ ተስማማን። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሀያቱ ሱቅ ጎራ ብዬ ሃያ ሜትር ገመድ ጠየቅሁ።

«ለምንህ ነው?» አሉ፣ ሜትራቸውን እንደያዙ።

«ለልብስ ማስጫ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ግቢያችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድስት ሜትር ነው። አሸብር፣ ወዴት ነው?»

«አዳማ» አልኩ፣ ፖሊስ ፊት እንደቀረበ ሰው።

«ናዝሬት።» ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ሙቀት ነው እንጂ ጥሩ አገር ነው። መሸኛ አወጣህ?»

«ፋይዳ አለኝ እኮ ጋሼ።»

«ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል። ከየት እንደመጣህ የሚናገረው መሸኛ ነው።» ያወጡትን ገመድ መልሰው ጠቀለሉት። «መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ገመድ፣ መጨረሻ ሰው። ወረቀትህ ሳያልቅ ገመድ አልሸጥልህም።»

ሱቁ ድረስ የመጣ ገዢን አልሸጥልህም ብሎ የሚመልስ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን አስተዳደር ከእጃችን ወጣ። ጋሼ ሀያቱ በየማለዳው ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት በራችንን ያንኳኳሉ። እኔ በፒጃማ እከፍታለሁ። እሳቸው ሙሉ ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቆመዋል። «የኢየሩስ የትምህርት ቤት መልቀቂያ?» ይላሉ። ኢየሩስ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ልጃችን ናት። «ማህተሙ ይነበባል ወይስ እንደ ባለፈው የነመስፍን ልጅ ተደፍኗል? የቆጣሪው ንባብ ተጻፈ? ለዕድሩ ተነገረ? የአዳማው የኪራይ ውል ስንት ኮፒ ነው?» መልሱን ሰምተው ይሄዳሉ። እስከዳር ከመኝታ ቤት ሆና «እኔ እኮ ያገባሁት አንድ ሰው ነበር» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ወረዳ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ስቴፕለር፣ ማጣበቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶና አራት የእኔ ጉርድ ፎቶ ነበር። ፎቶዬን ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አላውቅም። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሙሉብርሃን የምትባል ሠራተኛ ገና ስታያቸው ፈገግ አለች።

«ጋሼ ሀያቱ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስለቅቁ መጡ?»

«ይሄን የዋህ» አሉ በእኔ ላይ እጃቸውን አሳርፈው። «ተመልከቺው፤ ገመድ ገዝቶ ሊሄድ ነበር።»

ሙሉብርሃን መሸኛውን ለመጻፍ አላስቸገረችም። ዕቃችን ወደ ሌላ ክልል ስለሚሻገር ግን የንብረት ዝርዝር እንድናያይዝ ነገረችን። «እንደ ፍሪጅ፣ እንደ አልጋ ያሉትን ዋና ዋናዎቹን ጽፋችሁ አምጡልኝ።»

«ዋና ዋና የሚባል ነገር የለም» አሉ ጋሼ ሀያቱ ወረዳውን ስንወጣ። «ኬላ ላይ ሰው የሚቆመው ባልተጻፈው ነው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለመስመር ደብተርና መነጽር ይዘው ቤታችን መጡ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ቆጠራው አራት ሰዓት ፈጀ። ማሰሮ ያንኳኳሉ፣ ብርድ ልብስ ይዘረጋሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይነሳሉ። የጻፉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ተራ ቁጥር 9፦ መስታወት፣ አንድ፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ። ተራ ቁጥር 17፦ በርጩማ፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ። ተራ ቁጥር 31፦ ጃንጥላ፣ የማይዘጋ። ተራ ቁጥር 32፦ ጃንጥላ፣ የማይከፈት።»

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ብንጥላቸውስ?» አለች እስከዳር።

«አሁንማ ተጽፏል» አሉ።

የግድግዳው ሰዓት ይሠራ እንደሆነ ሲጠይቁኝ አልፎ አልፎ አልኳቸው። «ሰዓት፣ አልፎ አልፎ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጉና አቧራ የጠጣ ክራር መዘዙ። እስከዳር ወደ እኔ ዞረች። ክራሩን ከስድስት ዓመት በፊት ሸጥኩት ብያት ነበር። ጋሼ ሀያቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ተራ ቁጥር 58፦ ክራር፣ ያልተሸጠ» ብለው ጻፉ። እስከዳር እየሳቀች ወለሉ ላይ ባትቀመጥ ኖሮ ለእኔ የከፋ ቀን ይሆን ነበር።

ዝርዝሩ በዘጠና አራት ተራ ቁጥር አለቀ። ሙሉብርሃን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየን ነበር። ሲያልፍላት አራቱንም ገጽ አንድ በአንድ ማህተም መታችልን።

እሁድ የዕድር ስንብት ሆነ። ጋሼ ሀያቱ ተነሥተው ስለ እኔ ተናገሩ። ደግ ጎረቤት እንደነበርኩ፣ ሰው አስቀይሜ እንደማላውቅ፣ ልጄንም በሥርዓት እንዳሳደግሁ ዘረዘሩ። ኋላ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ አልሞትኩም እኮ» አልኳቸው።

«ዕድር ላይ ሌላ ዓይነት ንግግር አልለመድኩም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ንግግራቸውንም ቀጠሉ።

የጭነቱ ቀን ቅዳሜ ሆነ። እስከዳርና ኢየሩስ ቤቱን ለመረከብ በጠዋት በአውቶቡስ ቀድመው ሄዱ። ጋሼ ሀያቱ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። መርካቶ ውስጥ ቅዳሜ ሱቅ የሚዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ልጁን እየዳረ ነው። በርጩማዋ ላይ ቆመው የሰፈሩን ጫኞች ይመሩ ጀመር። ፍሪጁ ቆሞ፣ መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፍራሹ ከሁሉ በላይ። በመጨረሻም ኢሱዙዋን ከዳር እስከ ዳር በገመድ ሸበቧትና እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ቋጠሮ ቋጠሩ። «ይሄን ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም» ብለው እጃቸውን አራገፉ። ጫኞቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ሳዳም የሚባለው ሾፌራችን ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ሌላ ጭነት ስለሚጠብቀው ሞተር አስነሣ።

«ጋሼ፣ የወረቀቱን ፋይል ይስጡኝ እንግዲህ» አልኩ።

«አታስብ። በጥንቃቄ ነው የተቀመጠው።»

«የት?»

ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ወረደ። «የቁምሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ።»

ቁምሳጥኑ ከሁሉ በፊት የተጫነ ዕቃ ነበር። ከላዩና ከፊቱ የቀሩት ሁሉ ተከምረውበታል። መሸኛው፣ የንብረት ዝርዝሩ፣ ሰኞ ምዝገባዋ የሚዘጋው የኢየሩስ መልቀቂያ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ፈትተን መልሰን እንጫን ብንል ጫኝ የለም። ሳዳምም ሁለት ሰዓት የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ኬላ ላይ ወረቀት የሌለው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚቆም ደግሞ ጋሼ ሀያቱ ራሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነግሩኝ ከርመዋል።

ጋሼ ሀያቱ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ የጋቢናውን በር ከፍተው ገቡ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ሀፍሷ ደወሉ። «ናዝሬት ደርሼ መጣሁ» አሏቸው። ቀጥሎ የእትዬ ሀፍሷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፤ «ማን? አንተ?»

ቃሊቲን እስክናልፍ በመስኮቱ በኩል ከተማው ሲያልቅ ያያሉ። ጸጸት መሰለኝ። ኬላው ላይ አንድ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ተቆጣጣሪ አስቆመንና የዕቃውን ወረቀት ጠየቀ።

ጋሼ ሀያቱ ወረዱ። «ወረቀቱ ከዕቃው ሥር ነው ልጄ። ዝርዝሩ ግን እዚህ አለ» ብለው ጭንቅላታቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«አባባ፣ በቃል አይሆንም።»

«ጠይቀኝ።»

ተቆጣጣሪው ትዕግሥቱ አልቆ ይሁን ተገርሞ አላውቅም፣ የመኪናውን ጎን ይዞ ወጣ። «ይሄ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው?»

«ዘጠኝ። መስታወት። ጥጉ የተሰነጠቀ።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነው። «ይሄኛው?»

«አሥራ ሰባት። በርጩማ። ሽቦውን አየኸው?»

አየው። ሌላ ሦስት ጠየቀ፣ ሦስቱንም መለሱለት። ከዚያ በገመዱ መሐል ሾልኮ የወጣ ጃንጥላ ስቦ አወጣ። «ይሄስ?»

ጋሼ ሀያቱ እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። «የማይከፈት ከሆነ ሠላሳ ሁለት ነው። የማይዘጋ ከሆነ ሠላሳ አንድ።»

ተቆጣጣሪው ጃንጥላው የታሰረበትን ላስቲክ ፈታው። ጃንጥላው በአንድ ጊዜ ቧ ብሎ ተዘረጋ። ሊያጥፈው ሞከረ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገፋው። ባልደረቦቹ ከኬላው ዳስ ሥር ወንበራቸውን ትተው ለማየት መጡ። አንደኛው ሊረዳው ወጣና ለሁለት ይታገሉት ጀመር።

«ሠላሳ አንድ ነው» አሉ ጋሼ ሀያቱ ከታች በትሕትና።

ፊቱ የማይፈታው ሰው ሳቀ። ሲስቅ ገና ልጅ እንደሆነ ታየኝ። «ሂዱ፣ ሂዱ» አለና ጃንጥላውን እንደተዘረጋ በጋቢናው መስኮት አቀበለን። ከዚያ እስከ አዳማ ሦስታችንም ጃንጥላ ዘርግተን ሄድን። ሳዳም መንገዱን ለማየት አንገቱን እንደ ሰጎን አውጥቶ ነበር የሚነዳው።

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ ጋሼ ሀያቱን ኮታቸውን አስወለቃቸው። ያለ ኮት ሳያቸው ቀጭን ሰው መሆናቸውን ያኔ አወቅሁ። ቋጠሮውን ፈቱ። አውራጆቹ ዕቃውን ሲያስገቡ እሳቸው እንደ ጠዋቱ አላዘዙም። ደጃፉ ላይ ቆመው እያንዳንዷን ዕቃ በዓይናቸው እየተከተሉ ያስገባሉ። አልጋው ሲዘረጋ ገብተው አዩ። ፍሪጁ ሲሰካ ድምፁን አዳመጡ። ቁምሳጥኑ በመጨረሻ ወረደ፤ ፋይሉ መሳቢያው ውስጥ ምንም ሳይሆን ተገኘ። ለእስከዳር ሰጧትና እሷ ያቀረበችላቸውን ውኃ ይዘው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ደከመዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«አልደከመኝም።» ወደ ውስጥ ያያሉ። ኢየሩስ ደብተሮቿን መስኮቱ ላይ እየደረደረች ነው። «ከእናንተ በፊት አርባ አንድ ቤተሰብ አስጭኛለሁ። መኪናው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ሲደርስ ይሰወራል፣ እኔ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጋው የት እንደተዘረጋ፣ ሰዎቹ ደህና ይግቡ አይግቡ አላውቅም። ሲራገፍ ያየሁት የእናንተን ነው።» ውኃውን ተጎነጩ። «ለካ እንዲህ ነው።»

እስከዳር እራት ሳይበሉ አይሄዱም ብላ ብትለምናቸውም ሀፍሷ ትጨነቃለች ብለው እንቢ አሉ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ለአዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታ እየሰጡ «ይሄ ወንድሜ ነው፣ አደራ» ይሉ ነበር። ጎረቤቶቹ ማንነታችንን ገና ስላላወቁ ግራ ተጋብተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላሉ። ኢየሩስ ተመዘገበች? ውኃው በስንት ቀን ይመጣል? የአዳማው መታወቂያስ? ባለፈው ረቡዕ ሲደውሉ መታወቂያዬ ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ስልኩን ያነሣሁት እሱኑ በእጄ ይዤ ነው። እስከዳርን አየኋት፣ እሷም አየችኝ።

«አልወጣም ጋሼ» አልኩ። «አንድ ወረቀት ጎደለ አሉን።»

ድምፃቸው ወዲያው ጎረመሰ። «ምን ወረቀት?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም።»

«ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ። እስክመጣ ምንም ነገር እንዳትፈርም። ለአንድ ሌሊት የማድርበት አይጠፋም አይደል?»

«አይጠፋም ጋሼ።»

ስልኩን ስዘጋ እስከዳር ክንዷን አጣምራ ቆማለች። «ሲመጡ የቱን ወረቀት ልትላቸው ነው?»

«እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን አለ፤ አንድ አናጣም» አልኳትና የሚተኙበትን ፍራሽ ላናፍስ ወደ ጓሮ ይዤ ወጣሁ።