እግር ፈታሿ እትዬ አቻምየለሽ

በየሰፈሩ ማንም ሳይጠይቀው ሰውን የሚመረምር አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ ክብርት እትዬ አቻምየለሽ ናቸው።

እትዬ ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቅ እንከን ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ባለቤታቸው ጋሽ አሻግሬ በስኳር በሽታ ሰበብ እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ እትዬ ጨርቁን ትተው እግር መፈተሽ ያዙ። እሑድ እሑድ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት ደጃፍ ላይ ይቆማሉ።

«ካልሲህንም አውልቅ!» ይላሉ።

ነጋዴ የለ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር የለ፣ ሁሉም ተረከዙን ያሳያል። ሊቀ መንበሩ እንዲህ ያለ ግምገማ በስብሰባም አልገጠመው።

እኔ ግን እስቅባቸው ነበር። ለምን አልስቅ? ስለ ስኳር በሽታ አምስት በራሪ ወረቀት ያነበብኩ ሰው ነኝ! የእግር ደም ሥር እንዴት እንደሚጠብ ለዕድሩ ስብሰባ ሳልጠየቅ አስረድቻለሁ። ራሴም ስኳር አለብኝ፤ ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ሆዴን አስርቤ፣ ቁጥሬን አሳምሬ እቀርባለሁ። ሐኪሙ ካመሰገነኝ በኋላ በቀጥታ ወደ ኬክ ቤት።

ቆይቶ ስራመድ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር። ሃምሳ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። አሞት ቆመ እንዳልባል ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ ሕመሙ እስኪለቀኝ ልጆቹን፣ አማቱን፣ የአማቱን ወገብ ሳይቀር እጠይቃለሁ። በዚህ ዘዴ የሰፈሩ ትሑት ሰው ተባልኩ።

አንድ እሑድ እትዬ ደጃፉ ላይ ያዙኝ።

«ሀብተሚካኤል፣ ከአስፋልቱ እስከዚህ ሰባት ጊዜ ቆመሃል።»

«ሰው ሰላም እያልኩ ነው፣ እትዬ።»

«ሰባተኛው የስልክ እንጨት ነው። ካልሲህን!»

አወለቅኩ። ከጫማዬ የወጣ ሚስማር አውራ ጣቴን በስቶታል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። እኔ እቴ፣ ስኳሩ ጣቴን አደንዝዞት ምኑም አልተሰማኝ! አምስቱም ወረቀቶች «እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱ» ይላሉ። ለሰው ስነግር ጊዜ አጥቼ ነው።

እትዬ አልሳቁብኝም። ጎንበስ ብለው ጣቴን በነጠላቸው ጠርዝ ሸፈኑት።

«የአሻግሬም እንዲህ ነው የጀመረው» አሉ፤ ቅዳሴውን ትተው ሆስፒታል ወሰዱኝ። እዚያም የሦስት ወር ስኳር በአንድ ጠብታ ደም የሚያጋልጥ ምርመራ ኖሯል፤ ኬኮቼ አንድም ሳይቀሩ መሰከሩብኝ። አውራ ጣቴን አጣሁ፤ እግሬ ተረፈ።

አሁን ሐኪሙ እስኪያመኝ እንድሄድ፣ እንዳርፍ፣ ደግሜ እንድሄድ አዞኛል። ከእትዬ ጋር እንሄዳለን። ስቆም ይቆማሉ።

«እንጨቱን ሰላም በለው እንጂ!»

እላለሁ። እግሬን በየቀኑ አጥቤ በጣቶቼ መሀል ሳይቀር አደርቃለሁ። ለጤናዬ ነው ብዬ አወራለሁ፤ ውሸቴን ነው። እሑድ ጠዋት እትዬ ፊት እንደ ተማሪ ቆሜ፣ ዘጠኙን ጣቴን ዘርግቼ፣ «እንከን የለውም፣ እለፍ!» እንዲሉኝ ነው።