ውድድሩ ይለፍና

«ይደርሳል» የምትለውን ቃል ማን እንደፈጠራት አላውቅም፤ ለሰው ጉዳይ እንደተፈጠረች ግን አልጠራጠርም። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። የራሳችን ጥርስ ሲነዘንዘን በር ሰብረን ሐኪም ዘንድ እንገባለን፤ የጎረቤት ጥርስ ሲሆን ትዕግሥት እንመክራለን። አበው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ሲሉ እኔን አይተው አይደለም፤ ግን ልክ ለክተውኛል።

ሽንፋ በምትባል የቆላ ከተማ የስፖርት መምህር ሳለሁ ዝናሽ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። አንዱን ዐይኗን የዐይን ማዝ ገና በልጅነቷ ወስዶባታል። በቀረው የምታየውም ብዥ እያለ ነው፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይፈትገዋል። ስትሮጥ ግን! ማለዳ፣ ያ የቆላ ፀሐይ ሳይከር፣ በማሽላው ማሳ ዳር ሳሠለጥናት ሰሊጥ ሊያጭዱ የመጡ ሳሉጎች፣ የወቅት ሠራተኞቹ፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩዋት ነበር።

የአካል ጉዳተኞች የክልል ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያው የዐይን ሐኪሞች መጡለት። የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀላል ቀዶ ሕክምና ይመልሳሉ፤ የጠፋውን ብርሃን ባይመልሱም የቀረውን ያተርፋሉ። ታዲያ ፋሻ አለው፤ ዕረፍት አለው፤ አቧራ ክልክል ነው። እናቷ ሊያማክሩኝ መጡ።

«ውድድሩ ይለፍና እናሠራታለን» አልኋቸው። «ሐኪሞቹ እንደሆኑ ይመላለሳሉ።»

«አንተ ካልህ እሺ፣ መምህር። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ዝናሽ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ጋሼ፣ ያመኛል እኮ» አለች።

«ትንሽ ቻይው።»

ቻለችው።

አሸነፈችም። ባሕር ዳር ላይ ወርቁን ሲያጠልቁላት ከእሷ ይልቅ ያለቀስሁት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ግን አልተመለሱም። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ተዘጋ፣ ዐይኗ መግል ያዘ። እንደምንም ጎንደር ሳደርሳት ሐኪሙ በባትሪ አየና ባትሪውን አጠፋ። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለኝ። ሜዳ ላይ ነበርን ልበለው?

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ጋሼ፣ አሁን እንግዲህ የምሮጠው ጨርሶ ከማያዩት ጋር ነው?» አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ» አልኋት።

ሮጠች። ከመሪ ሯጭ ክንድ ጋር በገመድ ታስራ ሮጣም አሸነፈች። ሰው ሁሉ «እጅህ የተባረከ ነው» ይለኝ ጀመር። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ቀን ተነሥቼ ስንት ቀን ተቀመጥሁ፤ ያችው «ይደርሳል» ናት።

በዓመቱ «ምስጉን አሠልጣኝ» ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ስሜ ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሁሉ አስበልጣ የምታጨበጭበው ፊት ለፊት የተቀመጠችው ዝናሽ ናት። እኔ የቆምሁት በስተቀኝ ነው፤ እሷ ፊቷን ያዞረችው ወደ ግራ፣ ድምፅ ማጉያው ወዳለበት።

ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ አገጯን ቀስ አድርገው ይዘው ወደ እኔ መለሱላት።