የቅምሻ ሒሳብ

ወጥ ሠርታ፣ ጨዉን ሳትቀምስ ድስቱን ያወረደች ሴት ካለች ትምጣና ልያት። እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። አንዴ ለጨው፣ አንዴ «በስሎ ይሆን?» ብሎ፣ አንዴ ደግሞ እንዲያው ሽታው ጠርቶን እንቀምሳለን። ማዕዱ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፣ እኔ አላሰኘኝም» እንላለን፤ ልጆችም እናታቸው ለእነሱ ስትል የተራበች መስሏቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ይህን የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ነው፣ እሱም አያጋልጥም ብዬ ስኖር፣ ነገሩን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሰው መጣ።

ክልላችን ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ የየቢሮው ታፔላ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ይሰቀል በነበረበት ጊዜ፣ እኛ ሴቶች ተሰባስበን የለውዝ ቅቤ የሚሠራ ማኅበር አቋቋምን። ለውዙን ከገበሬ ገዝተን እንፈለፍላለን፣ እንቆላለን፣ ገለፈቱን አሽተን እናነፍሳለን፤ ከዚያ በእጅ ወፍጮ ፈጭተን በብልቃጥ እናሽጋለን። እኔ መምህር ባሌን ተከትዬ ከወለጋ የመጣሁ ስሆን ሥራዬ መቁላት ነበር። ከባምባሲ የመጣችው ጫልቱ ትፈጫለች፣ ከእጇ ይልቅ ግን አፏ ይፈጥናል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘችው ሐሊማ ናት። በርታ ናት፣ የአገሩ ልጅ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው፤ ቁልፉንም በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሌላዋ ሴት የወርቅ ሐብል እንደምታደርገው ታደርገው ነበር።

የሚደግፈን ቢሮ ደሳለኝ የሚባል ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ላከልን። የጎጃም ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ። በታኅሣሥ ሚዛኑን ይዞ መጣና ጥቂት ቀን አብሮን ዋለ። የገባውን ለውዝ መዘነ፣ የወጣውን ቅቤ መዘነ፣ ገለፈቱን እንኳ አልማረውም። በመጨረሻም አንድ ብልቃጥ ምን ያህል ለውዝ መፍጀት እንዳለበት ወሰነ።

«ይህ መደበኛው ወጪ ነው» አለን። «ከእንግዲህ በየወሩ በእርግጥ የፈጀውን ከዚህ ጋር አስተያየዋለሁ። ከበለጠ፣ የበለጠውን በዋጋው አባዛለሁ፤ ኮምፒውተሩም በቀይ ያወጣዋል።»

«በቀይ?» አለች ጫልቱ። «ይቆጣል ማለት ነው?»

እውነትም ተቆጣ። የካቲት ሲገባ ደሳለኝ የጥርን ሠንጠረዥ አሳትሞ መጣ። ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ጄኔሬተሩ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ተነስቶ ያወጣው ነገር ግን ቀይ ነበር። ሁላችንም ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መሃላችን፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የተቆላ ለውዝ የሞላ ሰፌድ አለ።

«የዋጋ ልዩነት የለም» አለ ደሳለኝ፣ ወረቀቱን እያየ። «ለውዙን የገዛችሁት በታሰበው ዋጋ ነው። ልዩነቱ የአጠቃቀም ነው። ብዙ ነው። ማለቴ… ለውዙ የሆነ ቦታ ሄዷል።»

ለውዝ እግር የለውም። ዓይን ሁሉ ወደ ቁልፉ ዞረ።

ሐሊማ ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ሰፌዱ አጠገብ አኖረችው። «ቁልፉ ይኸው» አለች። «እኔ ሌባ አይደለሁም። ወላሂ፣ አንድ ፍሬ ቤቴ አልገባም። ሁላችሁ አያችሁኝ፤ እኔ ደግሞ እናንተን አየሁ።»

እኔ በሆዴ፣ አምላኬ ይህችን ሴት አታሳፍራት አልኩ። ደሳለኝ የሚገባበት ጠፋው። እጁ ወደ ሰፌዱ ሄደ፤ አንድ ለውዝ አሸና ወደ አፉ ጣለ፣ ሌላ አሸ፣ ጣለ። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

ጫልቱ ስታየው ቆይታ፣ «አንተ ልጅ!» አለች። «ያ ኮምፒውተርህ ይህንንም በቀይ ያወጣዋል?»

ሳቁ ፈነዳ። ደሳለኝ ግን አልሳቀም፤ ጉልበቱ ላይ የተከመረውን ገለፈት ያያል። ቀና ሲል የእኔም ጉንጭ ሞልቷል፣ የጫልቱም ሞልቷል።

«ቆዩ እስቲ» አለ። «በታኅሣሥ አብሬያችሁ ስውል አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። ማንም ሲቀምስ አላየሁም። ለምን?»

«ማን ይቀምሳል?» አለች ሐሊማ፣ እንደ ተቆጣች። «ረመዳን ነበር።»

እናንተዬ! ያን ዓመት ረመዳኑና የነቢያት ጾም ገጥመው ነበር። ሐሊማና ጓደኞቿ ፀሐይ እስኪጠልቅ ውኃ እንኳ አይነኩም። እኛም ጾመኞች ነን፤ ሰዓታችን ቢደርስ እንኳ ለውዝ የጾም ምግብ ነው ብለን በፊታቸው ማላመጥ ነውር ሆነብን። ያ ምስኪን ደሳለኝ ደግሞ ባለጌ እንዳይባል ምራቁን እየዋጠ ነው ሲመዝን የከረመው። ከዚያ ገናና ዒድ ተከታትለው መጡ፣ አፍም ሥራውን ጀመረ። የዓመቱን ልክ የወሰድነው፣ እንግዲህ፣ ሁላችንም ቅዱሳን ሆነን ከሰነበትንባቸው ቀናት ላይ ነው።

ሐሊማ ግን ቁልፉን አላነሳችም፤ እኔ አንስቼ ያዝኩላት። በዓይን የወረደ ክብር በሳቅ አይመለስም። ደሳለኝ ይህ የገባው ልጅ ነበር፤ በማግሥቱ ቢሮው ድረስ ወሰዳት፣ እኔም ተከተልኩ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቅን። ሠንጠረዡን ከፍቶ፣ ለአንድ ብልቃጥ ከሚፈጀው ለውዝ ሥር አዲስ መስመር አስገባና «ቅምሻ» ብሎ ጻፈበት። ቁጥሮቹ ተላወሱ፤ ቀዩ ጥቁር ሆነ።

«ቀዩ ጠፋ?» አለች ሐሊማ።

«ጠፋ።»

«ወላሂ?»

የጎጃሙ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ወላሂ» አለ።

ቁልፉን ከእኔ ተቀብላ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ረመዳንና የነቢያት ጾም ዳግመኛ ተገናኙ። ቅምሻው በሒሳብ ተይዟል፣ ቀማሽ የለም። ልዩነታችን አሁን በበጎ ጎኑ ተተኮሰ፤ ከተፈቀደልን ያነሰ ለውዝ ፈጅተን ተገኘን። ሪፖርቱን ያዩት የደሳለኝ አለቆች የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልን፤ ጾሙ ሲያልፍ ደግሞ ከየወረዳው የማኅበራት ተወካዮችን ሰብስበው፣ ከእኛ ተሞክሮ እንዲቀስሙ ላኳቸው። ከኩርሙክ ድረስ በዚያ መንገድ ተንገላተው የመጡ ነበሩ።

ብክነት የቀነሰው በዕቃ ቤት ነውና ሐሊማ ትናገር ተባለ። ተነሳች።

«ምን ዓይነት ዘዴ ተጠቀማችሁ?» አሏት፣ እስክሪብቶ ደግነው።

ደሳለኝን አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ።

«ዘዴው የአንድ ወር ነው» አለች ሐሊማ፣ ቁልፏን እየነካካች። «ከዚያ በኋላ ሰው እንሆናለን።»

እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። በግራ እጃቸው የሰፌዱን ለውዝ እየጨረሱት ነበር።